መስመሩን ትተው አንገቱን ይመልከቱ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባለፈው ጥር ከቤተሰቤ ጋር አዋሽ ፓርክ ገብተን ነበር። እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ጎኑ ላይ ብዙ ነጭ መስመር ያለው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ አየን። አብሮን የነበረው ሰው ‹አጋዘን ነው› አለን። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ ላይ ‹የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ› ብለው ያሳዩኝ እንስሳ መስመሩ ሦስት ወይም አራት ብቻ፣ ያውም የደበዘዘ ነበር። ወንድሜ ‹አንድ ናቸው፤ መስመሩ በእርጅና ይጠፋል› ይላል። እዚያው ዲንሾ ከዚህ ያነሰ፣ ጥቁር የሚመስልና መስመር የሌለው እንስሳም አይቻለሁ፤ እሱ ግልገሉ ይሆን? መስመሩን ቆጥሮ ዕድሜን ወይም ዝርያን ማወቅ ይቻላል? ለምንስ ተሰመሩ?»

ያዩት አንድን እንስሳ በሦስት ዕድሜው አይደለም፤ ሦስት ዝርያዎችን ነው። የአዋሹ፣ በገለጹት መሠረት፣ አምበራይሌ ሳይሆን አይቀርም። የዲንሾው ትልቁ የደጋ አጋዘን ነው። ጥቁሩ ደግሞ የማንም ግልገል ሳይሆን ለአካለ መጠን የደረሰ የምኒልክ ድኩላ ነው፤ ወንድ ነው። ወንድምዎ ከያዙት ነገር ግማሹ እውነት አለው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በመስመር ቆጠራ ዕድሜን ማወቅ ግን አይቻልም። ዝርያን ለመለየትም ካሉት ምልክቶች ሁሉ ደካማው መስመር ነው፤ ሰው ሁሉ በእሱ የሚጀምረው ከሩቅ ቶሎ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ብቻ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስም ነው። አጋዘን የሚለው ቃላችን ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። በትክክል ሲነገር የቆላው ትልቁ ባለ ጠምዛዛ ቀንድ እንስሳ ስም ነው። እኛ ግን በቴሌቪዥን የምናየውን የበረዶ አገር እንስሳ፣ የገናን አባት ጋሪ የሚጎትተውን ሳይቀር፣ አጋዘን ብለን ተርጉመነዋል። የእነዚያ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚበተን፣ በየዓመቱ ወድቆ እንደ አዲስ የሚበቅል ነው። የእኛዎቹ ቀንድ እንደ በሬና እንደ ፍየል ነው፤ ከውስጥ አጥንት፣ ከላይ እንደ ጥፍር ያለ ልባስ። አይረግፍም፣ አይበተንም፤ ከተሰበረም በቦታው ሌላ አይተካም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ያ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ ዘር በተፈጥሮ የለም። ስለዚህ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ፊልም የቀሰምነውን ስለ አጋዘን ያለ ዕውቀት ወደ አዋሽ ይዘን ስንሄድ መሳሳታችን አይቀርም።

ኒያላ የሚለውም አማርኛ አይደለም። ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የመጣና እዚያ ቆላ የሚኖር የሌላ ዝርያ ስም ነው። የእኛን የደጋ አጋዘን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1908 እ.ኤ.አ. አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን አድኖ የወሰደው ናሙና ሲሆን፣ ሪቻርድ ላይደከር በ1910 ሲገልጸው በመጀመሪያ የጠራው «ነጠብጣብ ያለበት አጋዘን» ብሎ ነበር። በአፍሪካ ትልልቅ አጥቢዎች መካከል በሳይንስ ዘግይተው ከተመዘገቡት አንዱ ነው። የዘር ምርመራውም ከደቡቡ ኒያላ ጋር የቅርብ ዘመድ አለመሆኑን አሳይቷል። የአገሬው ሰው «የደጋ አጋዘን» ያለው ከመጽሐፉ ስም የተሻለ ነው ባይ ነኝ። መድን ድርጅቱም፣ የመኪና አስመጪውም ኒያላ ብለው ከተሰየሙ በኋላ ግን ስሙን መመለስ የሚቻል አይመስለኝም።

ስም ካነሣን አይቀር፣ በተቃራኒው አማርኛ ለሳይንስ ያበደረው አለ። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞሮ ሲመለስ፣ ለእንስሳቱ በሰጣቸው የላቲን መጠሪያዎች ውስጥ ድኩላን፣ ደፈርሳን፣ ቦሆርንና ዋልያን እንደሰማቸው አስገብቷቸዋል። እስከ ዛሬ አሉ። የድኩላ አጠቃላይ የላቲን ስም ደግሞ «የተጻፈበት» ማለት ነው፤ ቡናማው ቆዳ ላይ ያለው ነጭ ሰረዝና ነጥብ ጽሑፍ ስለሚመስል።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፦ አጋዘን፣ አምበራይሌ፣ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላ፣ በኦሞ ሸለቆ የሚገኘው ወንደቢ፣ ከአገራችን ውጪ ደግሞ የጫካው ቦንጎ፣ የረግረጉ ሲታቱንጋና የደቡቡ ኒያላ። የጋራ ምልክታቸው መስመር ሳይሆን የቀንዱ ጥምዝ ነው። አዋሽ ላይ ሳላንም አይተው ከሆነ፣ ፊቱና ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ስላለው ከእነዚህ ጋር እንዳይመድቡት። ቀንዱ ቀጥ ያለ ጦር ነው፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው። ከቦንጎና ከወንደቢ በቀር በዚህ ቤተሰብ ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀንድ የሌለው ባለ መስመር እንስሳ ሲያዩ «ሌላ ዝርያ ነው» ከማለትዎ በፊት እንስት መሆኗን ያስቡ።

አሁን ወደ አዋሹ። ፓርኩ ውስጥ አጋዘንም አምበራይሌም አሉ፤ ጎብኚ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። አጋዘን ግዙፍ ነው። ወንዱ ከ190 እስከ 315 ኪሎ ይመዝናል፣ ትከሻው የረጅም ሰው ደረት ድረስ ይመጣል፣ ቀንዱ ሁለት ዙር ተኩል ተጠማዝዞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ያልፋል። አምበራይሌ ግን 100 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ቀጠን ያለ፣ ቀንዱም ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። ችግሩ ብቻውን ቆሞ ሲታይ መጠኑን የሚያነጻጽሩበት ነገር አለመኖሩ ነው፤ ከጎኑ ሰው ወይም መኪና የለም። ስለዚህ አንገቱን ይዩ። ወንዱ አጋዘን ከአገጩ ስር እስከ ደረቱ የሚወርድ ረጅም የጸጉር ዘርፍ፣ ጽሕም ልበለው፣ አለው። አምበራይሌ ይህ የለውም፤ የላቲን ስሙም «ጽሕም የለሽ» ማለት ነው። በምትኩ ጉሮሮው ላይ ሁለት ደማቅ ነጭ ምልክቶች አሉት፤ አንዱ ከመንጋጋው በታች፣ ሌላው አንገቱ ከደረቱ ጋር በሚገናኝበት። ይህን በሁለቱም ጾታ ያገኙታል፤ ለዚህ ነው ከቀንድ ይልቅ አንገት የምመርጠው።

እዚህ ላይ ብቻ ቁጥሩ ትንሽ ይረዳል። አምበራይሌ በአብዛኛው ከ11 እስከ 15 መስመር አለው፣ በኖራ የተሰመረ ያህል ጥርት ያለ። አጋዘን ከ4 እስከ 12 ሊኖረው ይችላል፤ በእኛ በኩል ያሉት ወደ ጥቂቱ ያደላሉ። እንግዲህ 11 ቢቆጥሩ ከማን ጋር ነዎት? ከሁለቱም። በዚያ ላይ የአንዱ እንስሳ ግራና ቀኝ ጎን አይመሳሰልም፤ በግራ ስምንት፣ በቀኝ ሰባት መሆን የተለመደ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት አንዱን እንስሳ ከሌላው ለመለየት እንደ ጣት አሻራ ይጠቀሙበታል። ለዚያ ሥራ መስመር ግሩም መሣሪያ ነው፤ ለዝርያ ግን አይሆንም።

ዲንሾ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብለዋል፤ አዋሽ ግን 1000 ሜትር ገደማ ነው። የቆላው አጋዘን እዚህ ከፍታ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ባሌ ላይ ትልቅ፣ ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ግራጫ ቡናማ እንስሳ ካዩ መልሱ አንድ ብቻ ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ከፍታዎች፣ በባሌ፣ በአርሲና በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ነው። የቆየው አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እሱ ነው።

ቅርብ ሆነው ሲያዩት፣ ዲንሾ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ በኮሶውና በጽዱ መካከል ደግሞ በጣም ቅርብ ሆኖ ማየት ይቻላል፣ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የጸጉሩ ሻካራነት ነው። ብርድ የሚኖርበት እንስሳ መሆኑ ያስታውቃል። ጎኑ ላይ አራት ያህል መስመር አለ፤ ጠዋት በጤዛ ሲርስ አንዱም አይታይም፣ ቀትር ላይ ሲደርቅ እንደ ድሮ ሰንበር ብቅ ይላል። ታፋው ላይ ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ነጭ ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ ላይደከር «ነጠብጣብ ያለበት» ያለው ለዚህ ነው። በዓይኖቹ መካከል ማዕዘን የመሰለ ነጭ ምልክት፣ ጉንጩ ላይ ሁለት ነጥብ፣ ጉሮሮው ላይ የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ነጭ፣ ደረቱ ላይ ሌላ ነጭ። ቀንዱ ከቆላው አጋዘን ያነሰ ጥምዝ አለው፤ አንድ ዙር ተኩል ወይም ሁለት፣ እንደ በገና ክንድ ወደ ውጪ ወጥቶ ጫፉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ወዲያው አይዋጉም። ጎን ለጎን ይዞራሉ፣ እግራቸውን እየቆጠቡ፣ ከአንገት እስከ ጀርባ ያለውን ጋማ አቁመው። ጋማው ሲቆም እንስሳው በአንድ ጊዜ ሲገዝፍ ያያሉ። በዚያ ሰዓት የጎኑን መስመር የሚቆጥር ሰው ትልቁ ነገር ያመልጠዋል።

ጥቁሩ ድኩላ በዚያው ግቢ ውስጥ ይዞራል። ከፍየል እምብዛም አይበልጥም፣ ቀንዱ አጭርና አንድ ዙር ብቻ የሞላ ነው። ሌላ ቦታ ያሉ ድኩላዎች ቀላ ያሉና በሰረዝና በነጥብ የተሞሉ ሲሆኑ፣ የደጋው የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ሰረዙ ጠፍቶ ታፋው ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ ሊቀር ይችላል። እንስቷ ቀላ ያለች ቡናማ ናት። እሱን ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ለአዲስ አበባ ሰው ሱባ መናገሻ ደን ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከማየትዎ በፊት ይሰሙታል፤ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ አንድ ማለዳ ሙሉ የማን ውሻ ደን ውስጥ እንደገባ ስፈልግ ውያለሁ።

የወንድምዎ ግማሽ እውነት እዚህ ይገባል። በዚህ ቤተሰብ ግልገሎችና እንስቶች ብዙውን ጊዜ ከአውራው ይልቅ ደማቅና ጥርት ያለ ምልክት አላቸው፤ ወንዱ ሲጎለምስ ገላው ይጠቁራል ወይም ይገረጣል፣ ምልክቱም ይደበዝዛል። በደቡቡ ኒያላ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል፦ እንስቷ ቀይ ሆና ከአሥር በላይ መስመር ሲኖራት፣ አውራው ጠቁሮ መስመሩ እየከሰመ ይሄዳል፤ የማያውቅ ሰው ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ይምላል። ያረጀ አጋዘንም አንገቱ ላይ ጸጉሩ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በአንዱ ዝርያ ውስጥ ነው። 13 መስመር የነበረው አምበራይሌ አርጅቶ፣ አራት መስመር ይዞ ባሌ ተራራ ላይ አይገኝም። ዕድሜ መገመት ከፈለጉ የወንዱን ቀንድ ጥምዝ ይዩ፤ አጋዘን የመጀመሪያውን ዙር በሁለት ዓመቱ ገደማ ይጨርሳል፣ ሁለት ዙር ተኩሉን የሚሞላው ወደ ስድስት ዓመት ሲጠጋ ነው። ከዚያ በኋላ ቀንዱም ስለ ዕድሜው ብዙ አይነግርዎትም።

ለምን ተሰመሩ? ዋናው መልስ መሰወር ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ብርሃን በቅርንጫፍ መካከል ተቆራርጦ ይወርዳል፤ ቀጭን ነጭ መስመር ደግሞ የእንስሳውን ጎን ቆራርጦ የገላውን ቅርጽ ያጠፋል። አዋሽ ላይ አንድ ግራር ስር አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ፣ ደጋግሜ አይቼው ምንም የለም ብዬ ልዞር ስል ጆሮ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጆሮ ብቻ። ከዚያ በኋላ ነው ቀንዱ፣ ከቀንዱ በኋላ ጎኑ፣ ከጎኑ በኋላ አጠገቡ የቆሙት ሁለት እንስቶች የታዩኝ። አንበሳና ነብር የቀለም ዓይነት የመለየት አቅማቸው ከእኛ ያነሰ ስለሆነ፣ ለእነሱ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ከቀለሙ ይበልጣል፤ መስመሩ የሚሠራውም እዚያ ላይ ነው። ቤተሰቡን በመኖሪያው ሲደረድሩት ይህ ይደገፋል፦ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚኖረው ቦንጎ በመስመር ደምቋል፣ ሜዳ የሚወጣው ወንደቢ ሊታይ የማይችል ያህል ደብዝዟል። ሕጉ ግን ይሰበራል። የምኒልክ ድኩላ የደን እንስሳ ሆኖ መስመሩን ጥሏል፤ በኮሶና በአስታ ጥላ ውስጥ ጥቁርነት ራሱ መሰወሪያ ነው። «የሜዳ አህያ መስመር ዝንብ ያባርራል፣ ይሄም እንደዚያው» የሚለውን ከሰሙ አይቀበሉ። በሜዳ አህያ ላይ የተፈተነው ጥቁርና ነጭ እኩል የሚፈራረቁበት ቆዳ ነው፤ ቡናማ ገላ ላይ ያለ ቀጭን ነጭ ክር ሌላ ነገር ነው። የፊቱና የጉሮሮው ነጭ ደግሞ በአብዛኛው ለራሳቸው መተያያ ነው። ሲሸሹ ጅራታቸውን ከፍ አድርገው ከስሩ ያለውን ነጭ ማሳየታቸውም ከኋላ የሚከተሏቸው የራሳቸው ወገኖች እንዳይጠፉ ይረዳል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በመጀመሪያ የት እንደቆሙ ይጠይቁ፤ ከፍታው ብቻ ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል። ቀጥሎ ጉሮሮውን፣ ከዚያ ቀንዱ ስንት ዙር እንደተጠማዘዘ፣ ከዚያ መጠኑን ይመልከቱ። መስመሩን መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይቁጠሩ። ፎቶግራፍ የሚያነሡ ከሆነ አንገቱን ከፊት፣ ጎኑን ከግራና ከቀኝ ያንሡ፤ ከኋላ ሲሸሽ የተነሣ ፎቶ ይዘው ለመጡ ብዙ ሰዎች «አላውቀውም» ከማለት ሌላ መልስ ኖሮኝ አያውቅም።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የዲንሾዎቹ ሰው ስለለመዱ ብቻ የቤት እንስሳ አይደሉም፤ በጥምዝ ቀንድ ጫፍ ፊት መቆም አደገኛ ነው፣ በተለይ ሁለት ወንዶች ጋማቸውን አቁመው ሲዞሩ መካከላቸው አይግቡ። ሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ ግልገል ካገኙ «እናቱ ጥላው ሄዳለች» ብለው አያንሡት። እናቲቱ ሆን ብላ ደብቃው ለግጦሽ ሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ በእንዲህ ዓይነት ደግነት የሞቱ ግልገሎች አይቻለሁ። ሦስተኛ፣ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቀንድ አይግዙ። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝንና መነገድን ይከለክላል፤ «ሞቶ የተገኘ ነው» የሚለው የሻጩ ቃል እርስዎን አያድንም። የደጋ አጋዘን በዓለም አቀፉ የጥበቃ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ባጣበት ጊዜ ባሌ ላይ ብዙ ተገድሏል፤ ዛሬ ዲንሾ ላይ ያየናቸው ከዚያ የተረፉት ልጆች ናቸው። አሁን ደግሞ የሚያሳድደው እርሻው፣ ከብቱ፣ ማገዶውና ውሻው ነው።

የአዋሹን ፎቶ ካስቀሩ አሁን ያውጡትና ከቀንዱ በታች ያለውን ብቻ አጉልተው ይዩት። ጉሮሮው ላይ ሁለት ነጭ ካለና ጽሕም ከሌለ አምበራይሌ ነው። ረጅም ጽሕም ከተንዠረገገበት፣ ያ አብሮዎት የነበረው ሰው ልክ ነበር፤ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።